ከልጅ ጋር ውል አይፈረምም

ዘንድሮ ሐምሌ አንድ ቀን ስልኬን አጥፍቼ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሄድኩና የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። «ዓሣ በላሁ ብሎ ማውራት ምን ይጠበስ?» የሚለኝ አይጠፋም። ሐምሌ ሲገባ በጠራራ ፀሐይ ቁጭ ብሎ ዓሣ መብላት ለእኔ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን የእኔን ሥራ የሠራ ሰው ብቻ ነው። ቤት አከራይ ዓመቱን ሙሉ ረስቶኝ ይከርምና ሰኔ ሲያልቅ ያስታውሰኛል። ከዚያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ምሳዬን ቆሜ፣ አንዳንዴም እየሄድኩ ነበር የምበላው። ዘንድሮ ግን ቢሮዬ ተዘግቷል፤ ጠረጴዛዬንም ልብስ ሰፊ ገዝቶታል። ግብር ማሳወቁም ወደ ኮምፒውተር ስለገባ የእኔ እስክሪብቶ የሚፈለግበት ዘመን አልፏል። የዓሣውን እሾህ አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ጣቴን እየላስኩ በላሁ። እፎይ!

ሥራሽ ምን ነበር ሲሉኝ፣ ቤት የሚያከራዩ ሰዎች ግብራቸውን ከመድረሱ በፊት እንዲያስቡበት መምከር ነው እላለሁ። ይህን ያህል ረጅም ነገር የሚሰማ ግን የለም። በሠፈራችን ስሜ «ግብር አስቀሪዋ» ነው። በዚህ ስም ስንቴ ተናድጃለሁ! አንድ ሰርግ ላይ አንዱ «ግብር አስቀሪዋ መጣች፣ ወንበር ልቀቁላት» ቢለኝ፣ ተቀምጬ ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ሕጉን አስረድቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሰርግ ላይ አጠገቤ መቀመጥ ትቷል።

ከሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ብቻ አውሪ ብባል የማወራው ስለ ወይዘሮ ራሔል ግቢ ነው። ወይዘሮ ራሔል ታቦር ተራራ ሥር ያለውን ግቢያቸውን በአንድ ቃል ምክንያት ሊያጡ ነበር። ቃሉም ክፉ ቃል አልነበረም። «ልጆቼ» የሚል ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሥራ ያስተማሩኝን አቶ በራሶን ማስተዋወቅ አለብኝ፤ እሳቸው ባይኖሩ ወይዘሮ ራሔል ዛሬ የሰው ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ዲላ ነው። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል። ወደ ሐዋሳ ተዛውሬ የግብር ሥራ ስይዝ የኪራይ ገቢ ግብር ኃላፊው አቶ በራሶ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ በጋ ከክረምት የዝናብ ካፖርት ከላያቸው የማይወርድ ሰው። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ እንኳ አያወልቁትም። «የሐዋሳ ሰማይ ቃሉን አይጠብቅም» ይሉ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት መሃል ከተማ ወዳለ አንድ ግቢ ለግምት ይዘውኝ ሄዱ። እኔ እንደ ጎበዝ ተማሪ በሩ ላይ ፋይሉን ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ። ፋይሉን ከእጄ ወሰዱና ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

«መጀመሪያ ግቢውን ዙሪ» አሉኝ።

ዞርኩ። ስመለስ «ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ቤት ነዋ፣ አቶ በራሶ።»

«ስንት ቤተሰብ ይኖርበታል?»

«ባለቤቱ እኛ ብቻ ነን የምንኖረው ብለዋል።»

«የልብስ ማስጫውን ገመድ አይተሻል?»

ተመልሼ አየሁ። የሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም ተሰጥቷል። የጥበቃ ሠራተኛ ልብስ አለ፤ የነርስ ነጭ ጋዋን አለ፤ ጥግ ላይ ደግሞ የአራስ ልጅ ጨርቅ ተደርድሯል። አቶ በራሶ ከኋላዬ መጥተው፣ «ይህን ሁሉ አንድ ቤተሰብ የሚለብሰው ከሆነ ሰውዬው የሚያከራዩት ቤት ሳይሆን ልብስ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ገመዱ ነው። ለለቅሶ በሄድኩበት ቤት እንኳ ገመድ ከመፈለግ አልቦዘንኩም።

ሌላው ልማዳቸው የሰውን ቃል እንደወረደ መጻፍ ነበር። አንድ አከራይ «ኪራይ እንኳ የለም፤ ትንሽ ትንሽ ነገር ያደርጉልኛል» አሉን። እኔ በቢሮ አማርኛ «መጠኑ ያልታወቀ ኪራይ ይሰበስባሉ» ብዬ ጻፍኩ። አቶ በራሶ አዩትና በቀይ ሰረዙት።

«ይህን ማን አለ?»

«እሳቸው ናቸዋ።»

«እሳቸው ያሉት ትንሽ ትንሽ ነገር ነው። ሂጂና ትንሽ ትንሹ ነገር ምን እንደሆነ ጠይቂ። የሰው ቃል አይተረጎምም፣ አልማዝ።»

ሄጄ ጠየቅኩ። ተከራዩ አስተማሪ ነው፤ በኪራዩ ፋንታ የባለቤቱን ልጆች ሒሳብ ያስጠናል። ይህም ኪራይ ነው፣ ግን እኔ ከጻፍኩት ጋር አንድ አይደለም። በንዴት እየተነፋሁ ተመለስኩና እንደገና ጻፍኩት።

አቶ በራሶ ከመንግሥት ሥራ ሲለቁ የግል ቢሮ ከፈቱ፤ እኔንም ወሰዱኝ። ትናንት ግምት የምጥልባቸው ሰዎች ዛሬ ወንበር ስበው ፊቴ ይቀመጡ ጀመር። እውነተኛው የሙያ ትምህርቴ ያኔ ነው። አከራይ ሲመጣ «ግብሬን ቀንሺልኝ» ነው የሚለው። አቶ በራሶ ግን «ቤቱን በምን ሠራኸው?» ብለው ነበር የሚጀምሩት። በእኛ ጊዜ የሒሳብ መዝገብ ለመያዝ የማይገደድ አነስተኛ አከራይ ከኪራዩ ግማሹ ለጥገናና ለእርጅና ተብሎ ይቀነስለት ነበር። መዝገብ የያዘ ደግሞ በእውን ያወጣውን በደረሰኝ ያስቀንሳል። ከአባቱ በወረሰው አሮጌ ቤት ለሚያከራይ፣ በዓመት ከአንድ ቁልፍ በቀር ምንም ለማይገዛ ሰው፣ ግማሹ ሲሳይ ነው። በባንክ ብድር ፎቅ የሠራ ግን ወለዱም የሕንጻው እርጅናም ስላለ መዝገብ ቢይዝ ይሻለዋል። ሰው ታዲያ የሚመርጠው ተቃራኒውን ነው፤ ባለ ፎቁ መዝገብ ይፈራል፣ ባለ አሮጌ ቤቱ የምስማር ደረሰኝ በፌስታል ሞልቶ ይመጣል።

ጥገናና ግንባታን መለየትም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ብታስከድን ጥገና ነው፤ ወጪው በዚያው ዓመት ይያዝልሃል። ጣሪያውን አንሥተህ ፎቅ ብትጨምር ግንባታ ነው፤ የሚቀነስልህ በየዓመቱ እየተሸራረፈ ነው። ሁሉም ደግሞ በጊዜው ሲሆን ነው። አንድ መድኃኒት መደብር የሚያከራይ ደንበኛ ነበረን፣ መዝገብ የሚይዝ። የሚያሳድሰውን ሁሉ የግብር ዓመቱ የሚዘጋበት ሰኔ ሳያልቅ እንዲያሳድስ መክረነው በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቀለም ያስቀባል፣ በር ያስጠግናል፣ ቧንቧ ያስቀይራል። ጎረቤቱ ሁሉ በየዓመቱ ልጅ የሚድር ይመስለው ነበር። ቀለም ቀቢው ሕጋዊ ደረሰኝ እንዲኖረው ግን አጥብቀን እንነግረዋለን፤ ደረሰኝ የሌለው ቀለም ግድግዳው ላይ እንጂ ሒሳቡ ላይ አይታይም።

«የውስጥ ውልና የውጭ ውል አለኝ» ብሎ ለሚመጣ፣ ማለትም ለግብር ቢሮ ዝቅ ያለ፣ ለራሱ ደግሞ እውነተኛ ውል ለያዘ ሰው፣ አቶ በራሶ ወንበር አይስቡለትም ነበር። ቆሞ እያለ «ተከራይህ በትንሹ ውል ነው የምከፍልህ ቢል ፍርድ ቤት የትኛውን ይዘህ ትቆማለህ?» ይሉታል። ያን ጊዜ ሰውዬው ራሱ ወንበር ይፈልግ ነበር።

በመጨረሻ እሳቸውም ደከማቸውና ከሐዋሳ ወጣ ብላ ቡሹሎ በምትገኝ መሬታቸው ላይ ሙዝና አቮካዶ ለመትከል ሄዱ። ቢሮው ለእኔ ቀረ። ወይዘሮ ራሔል የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ወይዘሮ ራሔል ያኔ ሰባ የሚያልፉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ አማርኛቸውን በሲዳምኛ ዜማ የሚናገሩ የቤተ ክርስቲያን ሴት ናቸው። አናጢ የነበሩት ባላቸው ከመሞታቸው በፊት በአጥሩ ጥግ ረድፍ ክፍሎች ሠርተው ትተውላቸዋል። ክፍሎቹ ውስጥ የሚኖሩት ከየወረዳው መጥተው ፋብሪካ የሚሠሩ ልጃገረዶች ናቸው፤ ሦስትም አራትም እየሆኑ አንድ ክፍል ይጋራሉ። ወይዘሮ ራሔል የታመመችውን ያስታምማሉ፤ አምሽታ የምትገባውን በር ላይ ቆመው ይቆጣሉ። እሑድ ሁሉንም ከፊት ከፊት እየነዱ ወደ ጸሎት ይወስዳሉ።

ከዓመታት በፊት አንድ የግብር ቢሮ ገማች መጥቶ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ይላቸዋል። «ልጆቼ ናቸው» ይላሉ። ገማቹም «ክፍሎቹ ውስጥ ልጆቻቸው ይኖራሉ፤ ኪራይ የለም» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ሌላ ገማች ሲመጣ ልጃገረዶቹ ኪራይ እንደሚከፍሉ ይደርስበታል። ቢሮው ወይዘሮ ራሔል ዋሽተው ገቢያቸውን ደብቀዋል ብሎ ወሰነ።

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። አለማወቅ ወይም ስሕተት ነው ከተባለ የሚከፍሉት የቅርቦቹን ዓመታት ግብር ነው፤ ያውም ግማሹ ተቀንሶ። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። ሆን ብለው ደብቀዋል ከተባለ ግን ክፍሎቹ ከተሠሩበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ በላዩ ቅጣት ይጨመራል። ያን ለመክፈል ግቢውን ከመሸጥ በቀር መንገድ አልነበራቸውም። አንድ ደላላም ወሬውን ሰምቶ በራቸው ላይ መመላለስ ጀምሯል።

ቢሮዬ መጥተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «ልጄ፣ እኔ ሌባ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። «የቦታ ግብሬን አንድ ዓመት አሳልፌ አላውቅም። ሌላ ግብር እንዳለ ማን ነገረኝ?» እውነታቸውን ነው። ለቤቱና ለቦታው የሚከፈለውን ግብር ከፍለው ኪራዩም በዚያው ያለቀ የሚመስለው አከራይ ስንት አለ!

«አይዞዎት» አልኳቸው። የማውቀውን ሁሉ ሰብስቤ የቅሬታ ማመልከቻ ጻፍኩ። አንቀጽ ጠቀስኩ፤ ክፍሎቹ የተገመቱበት ዋጋ የተጋነነ መሆኑን አሳየሁ፤ ግማሹ መቀነስ እንዳለበት አስረዳሁ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ለመዝጊያም እንደ ወጉ፣ ለተፈጠረው ሁሉ ደንበኛዬ በትሕትና ይቅርታ ይጠይቃሉ አልኩ። እኛ አገር በር ስናንኳኳም ይቅርታ፣ መንገድ ስንጠይቅም ይቅርታ አይደል? ለእኔ ሰላምታ ማለት ነበር።

ውሳኔው ሲመጣ ስለ አንቀጾቼ አንድ ቃል የለበትም። አመልካቿ ራሳቸው ይቅርታ በመጠየቃቸው ጥፋታቸውን አምነዋል፤ ቅሬታው ውድቅ ተደርጓል ይላል።

ሙያው ሁሉ ከአንዲት የትሕትና ቃል ጋር ገደል ገባ። ለወይዘሮ ራሔል ስነግራቸው አልጮኹም፤ አልወቀሱኝም። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በመስኮት ሳይ ባጃጅ እንኳ ሳይዙ በእግራቸው ሲያነክሱ ሄዱ፤ እኔም በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሲነጋ ቡሹሎ ሄድኩ። አቶ በራሶ ያንኑ ካፖርት ለብሰው ሙዝ ያጠጣሉ። ውሳኔውን ቆመው አነበቡትና ባልዲውን አስቀመጡ።

«ይቅርታውን ማን አለ?»

«እኔ።»

«ሴትዮዋስ ምን አሉ?»

«ልጆቼ ናቸው ነው ያሉት።»

«ማመልከቻሽ ላይ የት ጋ አለ?»

የትም የለም። እኔ የጻፍኩት «በግቢው የሚኖሩት ግለሰቦች» ብዬ ነው።

«ገመዱንስ አይተሻል?»

ክፍሎቹን ለክቼ ነበር። በሮቹን ቆጥሬ፣ ቆጣሪውን አይቼ ነበር። ገመዱን ግን አላየሁም፤ ዝናብ ስለነበር ልብስ አልተሰጣም። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ዝናቡማ ያባራል» አሉና አንድ እጅ ሙዝ ቆርጠው አሸከሙኝ። ከዚህ ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

ከዚያው ታቦር ወጣሁ። ፀሐይ ወጥታ ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ተሞልቷል። የፋብሪካ ሽርጥ፣ የልጃገረዶች ቀሚስ፣ በመካከሉም የወይዘሮ ራሔል ነጠላ፣ የወይዘሮ ራሔል የአልጋ ልብስ፣ የወይዘሮ ራሔል ሹራብ። ለብቻው የተሰጣ የለም። ትዕግሥት የምትባለው ልጅ እያሰጣች ነበርና «የእሳቸውን ማን ያጥባል?» አልኳት።

«ተረኛዋ ናታ» አለችኝ፣ እንዲህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይን። «እማዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እኮ።»

ዓይኔ የተገለጠው ያኔ ነው። ሴትዮዋ አልዋሹም፤ «ልጆቼ» ሲሉ ልጆቼ ማለታቸው ነው። ተከራይ የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ኖሮ አያውቅም። የእኔ ሥራ ስለ ክፍል ዋጋ መሟገት ሳይሆን ይህን ቃል ማስረዳት ነበር።

ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ለይግባኝ ግን መያዣ የሚሆን ገንዘብ መጀመሪያ ይገባል። ወይዘሮ ራሔል የላቸውም። ይህን የሰሙት ልጃገረዶች የዕቁባቸውን ዕጣ ሳያወጡ ለእሳቸው ሰጧቸው። እኔም አዲስ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ አጭር፣ ይቅርታ የሌለበት። ይግባኝ ሰሚዎቹ ከመወሰናቸው በፊት ግቢውን መጥተው እንዲያዩ ጠየቅኩ፤ እሺ አሉ።

እነሱ እስኪመጡ ግን ፍርሃት ያዘኝና አንድ ቂልነት ሠራሁ። ወይዘሮ ራሔልን ማስጠናት ጀመርኩ። «እባክዎን በእነሱ ፊት ልጆቼ እንዳይሉ። ተከራዮቼ ይበሉ።» ወይዘሮ ራሔልም እንደ ጸሎት ቃል ይደጋግሙታል፤ «ተከራዮቼ፣ ተከራዮቼ።» ልጃገረዶቹ በመስኮት እያዩ በሳቅ ይሞታሉ።

ቀኑ ደረሰ። ሦስት ሆነው መጡ፤ ሰብሳቢው ግርማ ሞገስ ያላቸው፣ ፊታቸው የማይፈታ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር አንድ ወንድና ቃል የምትጽፍ አንዲት ሴት አሉ። ማለዳ ዘንቦ ስለነበር ግቢው ረጥቧል፤ ልጃገረዶቹም የፈረቃ እረፍታቸው ነበርና ልብስ ያጥባሉ።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉ ሰብሳቢው።

ወይዘሮ ራሔል መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው «ተከ... ተከራዮቼ» አሉ።

ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «ድሮ ልጆቼ ናቸው ብለዋል። ዛሬ ተከራዮቼ ሆኑ። የቱ ነው እውነቱ? ወይስ ያስጠናዎት ሰው አለ?»

ወይዘሮ ራሔል እንደገና ወደ እኔ ዞሩ። ለይግባኝ ሰሚዎቹ ያሳየኋቸው እናት ሳይሆኑ ትናንት የዋሹ፣ ዛሬ ደግሞ የተመከሩ ሴት ናቸው። ግቢው በእጄ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ሊሸጥ ነው።

ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቅንቀው በገመዱ ሥር ወደ ክፍሎቹ ሄዱ። የሳሙና ውኃ የወረደበት ድንጋይ ላይ እግራቸው አዳለጣቸውና ያ ሁሉ ግርማ ሞገስ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«እኔን! እኔን ልጄ!»

ወይዘሮ ራሔል ያን ጉልበታቸውን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ከሁላችንም ቀድመው ደረሱ። ብብታቸውን ይዘው ያነሷቸዋል፤ በነጠላቸው ጭቃውን ከሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ፤ በዚያው ይቆጣሉ። «ምነው ልጄ፣ ቀስ አትልም? ተሰብረህ ቢሆን እናትህን ምን እላታለሁ? ትዕግሥት! ለልጄ ወንበር አምጪ!»

ትዕግሥት ወንበሩን ይዛ ሮጠች። ከዚያ ቃል የምትጽፈዋ ሴት አፏን ይዛ ሳቀች። ሰብሳቢው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸው በወይዘሮ ራሔል ነጠላ እየተጠረገ፣ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«እኔም ልጅዎ ሆንኩ ማለት ነው?»

«ታዲያ አንተስ የሰው ልጅ አይደለህ?»

«እነዚህ ልጆች ግን ኪራይ ይከፍላሉ?»

«አዎን፣ ይከፍላሉ። ልጅ እናቱን አይረዳም እንዴ?»

«ለመጀመሪያው ገማች ለምን አልነገሩትም?»

«አልጠየቀኝማ! እነማን ናቸው አለኝ፤ ልጆቼ ናቸው አልኩት። ይከፍላሉ ወይ ቢለኝ ይከፍላሉ እለው ነበር። ልጄ ይሙት፣ ምን ያስዋሸኛል?»

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «እንዳሉት ጻፊ። አንድ ቃል እንዳትቀይሪ።» እኔ ያን ጊዜ አቶ በራሶ ካፖርታቸውን ለብሰው ጥግ ላይ የቆሙ መሰለኝ።

ገቢ መደበቅ አልነበረም ተብሎ ተወሰነ። ወይዘሮ ራሔል የቅርቦቹን ዓመታት ግብር፣ ግማሹ ተቀንሶ፣ እየተከፋፈለ እንዲከፍሉ ተደረገ፤ ከፍለውም ጨረሱ። ውሳኔውን ሳነብላቸው ከነገሩ ሁሉ የጠየቁት «ግቢውስ?» የሚለውን ብቻ ነበር። «ግቢው የእርስዎ ነው» አልኳቸው። ቢሮዬ ወለል ላይ ሊንበረከኩ ሲሉ በጉልበታቸው ምክንያት ከለከልኳቸውና ቆመን ጸለይን። እኔ በሌላ ሥርዓት ያደግሁ ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ከእሳቸው ጋር አሜን ስል ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ደላላው ሌላ ሠፈር ሄደ። ለአቶ በራሶ ስደውልላቸው «ገመዱን አየሽው?» አሉኝ። «አየሁት» ስላቸው «በይ ደኅና ዋዪ» ብለው ዘጉት።

ከዚያ በኋላ የቀረው ለወደፊቱ ማሰብ ነበር። ለወይዘሮ ራሔል የሚሻላቸው ያለ መዝገብ ግማሹን ማስቀነስ ነው፤ ብድርም ትልቅ ወጪም የለባቸውም። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ እንዲያሳውቁ፣ ከእያንዳንዷ ልጅ ጋርም የጽሑፍ ውል እንዲኖራቸው መከርኳቸው። ማሳወቁን ወዲያው ተቀበሉኝ፤ በየዓመቱ ሐምሌ መጥተው የአገልግሎት ክፍያዬን ይከፍሉኛል፣ እኔ አሳውቅላቸዋለሁ። ውሉ ላይ ግን ጦርነት ሆነ።

«ከልጅ ጋር ውል አይፈረምም» አሉ።

«ለእርስዎም ለልጆቹም ይጠቅማል።»

«ነገ ሲጣሉኝ ነው የሚጠቅመው። ለምን ይጣሉኛል?»

ሳምንት ሙሉ ተከራክረን ያሸነፈቻቸው ትዕግሥት ናት። «እማዬ፣ ልጅ ስትወለድ የልደት ካርድ ይወጣላት የለ? ይህ የእኛ የልደት ካርድ ነው» አለቻቸው። ወይዘሮ ራሔል ስቀው ፈረሙ፤ የፈረመችውን ልጅ ሁሉ ግን ግንባሯን ይስሙ ነበር። ውል ስንት አስፈርሜአለሁ፤ አከራይ ተከራዩን ሲስም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

እና ዘንድሮ፣ ያን ዓሣ በልቼ ስጨርስ አንድ ትርፍ አስጠቀለልኩና ባጃጅ ይዤ ታቦር ወጣሁ። ወይዘሮ ራሔል ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ አዲስ ገማች ቆሞ ይጽፋል። በድሮው ልማዴ ልከራከር ወደ ፊት ተራመድኩ፤ ቀጥሎ ጡረተኛ መሆኔ ትዝ አለኝና ዓሣዬን እንደያዝኩ ጥግ ላይ ቆምኩ።

«እነዚህስ?» ይላል ገማቹ፣ ወደ ክፍሎቹ እያሳየ።

«ልጆቼ ናቸው» አሉ ወይዘሮ ራሔል፤ ገማቹ ብዕሩን ሳያሳርፍ ደግሞ «የሚከፍሉ ልጆች!» ብለው ጨመሩ። ውላቸውንም ከጉያቸው አውጥተው ዘረጉለት። እኔ በኩራት ማበጥ ብቻ ቀረኝ።

ገማቹ ቀና ሲል አየኝ። «እሳቸውስ?»

«እሷም ልጄ ናት።»

«የሚከፍሉ ልጅ ናቸው ወይስ የማይከፍሉ?»

ወይዘሮ ራሔል ከላይ እስከ ታች አዩኝና በእጄ ያለውን ጥቅል ዓሣ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይህችኛዋ ትለያለች» አሉት። «ለእሷ ከፋይዋ እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ነው ነፃ የሆንነው።»

ገማቹ ያን ምን ብሎ እንደጻፈው አላውቅም። እኔ ሳህን ላመጣ ወደ ጓዳ ገብቼ ነበር።